«አቼቶ ነው የሚቀቡሽ» አሉኝ፤ ሐዋሳ ውስጥ የማህፀን በር ምርመራ ያደረጋችሁ እስቲ ንገሩኝ

ሐይቅ_ዳር (ሰኞ፣ ማታ 2፡15)

ሰላም ለዚህ ቤት። ዕድሜዬ 37 ነው። ሁለት ልጆች አሉኝ። መናኸሪያ አካባቢ ትንሽ የልብስ ሱቅ አለችኝ።

ባለፈው ሐሙስ ትንሹን ልጄን ለማስከተብ ጤና ጣቢያ ሄጄ ነበር። ጨርሰን ልንወጣ ስንል አንዷ ነርስ ካርዴን አየችና «የማህፀን በር ካንሰር ቅድመ ምርመራ ተመርምረሽ ታውቂያለሽ?» አለችኝ። ኧረ አላውቅም አልኳት። «እንግዲያው አሁኑኑ ግቢ፣ ሩብ ሰዓት አይፈጅም።» እኔ ምን ብል ጥሩ ነው? «ልጁ እያስቸገረኝ ነው፣ ሌላ ቀን እመጣለሁ።» ልጁ ጀርባዬ ላይ ለጥ ብሎ ተኝቷል! እሷም አየችው፣ እኔም አየሁት። ፈገግ ብላ ለቀቀችኝ።

ባጃጅ ውስጥ ገብቼ ነው ራሴን የታዘብኩት። ሁለት ልጅ አምጬ ወልጄ ምኑ ነው የሚያስፈራኝ? ግን ፈራሁ።

በእናታችሁ ንገሩኝ። ያማል ወይ? የሱቅ ጎረቤቴ «አቼቶ እኮ ነው የሚቀቡሽ፣ እንደ ሰላጣ» ብላ ስቃብኛለች። እውነቷን ነው ወይስ እያሾፈችብኝ ነው? ደግሞ ምንም አያመኝም፣ ፈሳሽም የለኝም። ጤነኛ ሰው ምን ፍለጋ ይመረመራል? እሺ «አለብሽ» ቢሉኝስ? ለባለቤቴ ምን ብዬ ነው የማወራው? ጥያቄው በዛ፣ ይቅርታ።

እማ_ሶሊ (ሰኞ፣ ማታ 2፡40)

ጎረቤትሽ አላሾፈችም። አቼቶ ነው።

እኔ አምና ተመርምሬያለሁ። አልጋ ላይ ትተኛለሽ፣ ለወሊድ ክትትል እንደምታውቂው ነው። መክፈቻ ዕቃ ያስገባሉ፣ መብራት ያበራሉ፣ በጥጥ ይቀቡሻል። ሲቀቡሽ ትንሽ ቆጥቆጥ ያደርጋል፣ ያውም ለደቂቃ። የሚያመው ዕቃው ሲገባ ሰውነትሽን ካጠነከርሽ ነው። እኔ ጥርሴን ነክሼ ስጠብቅ ነርሷ «እናቴ፣ ጥርስሽን ምን አደረግኩት? እኔ ሥራዬ ወደ ታች ነው» ብላ አሳቀችኝ። ስስቅ ሰውነቴ ላላ፣ ሳላውቀው አለቀ።

አንድ ምክር። ቀሚስ ለብሰሽ ሂጂ። እኔ ጠባብ ጂንስ ለብሼ ሄጄ ከምርመራው ይልቅ ሱሪውን ማውለቁ ነው ያላበኝ።

ሲስተር_ዘ (ማክሰኞ፣ ጠዋት 1፡50)

አዋላጅ ነርስ ነኝ፣ እዚሁ ሐዋሳ። ከአዳር ሥራ ወጥቼ ነው የምጽፈው፣ ፊደል ብስት እለፉኝ።

ስለ አቼቶው ልጀምር። በሕክምና ስሙ አሴቲክ አሲድ ነው። ከ3 እስከ 5 በመቶ ሆኖ ተበርዞ ይቀባል። ምርመራው ቪ አይ ኤ ይባላል። ማህፀን በር ላይ መለወጥ የጀመረ ሕዋስ ካለ ፕሮቲኑ የበዛ ስለሆነ አሲዱ ሲነካው ለጊዜው ይነጣል። ጤናማው ቦታ እንደነበረ ይቀራል። ቀብተን አንድ ደቂቃ ጠብቀን እናያለን። ላቦራቶሪ አይፈልግ፣ ለውጤት ሳምንት አያስጠብቅ። ከአልጋው ሳትወርጂ ትሰሚዋለሽ። ጉድለቱ ደግሞ በዓይን የሚታይ መሆኑ ነው። ዓይን ይሳሳታል። ለዚህ ነው የዓለም ጤና ድርጅት አሁን ካንሰሩን የሚያመጣውን ቫይረስ ራሱን የሚፈልገውን የኤች ፒ ቪ ምርመራ የሚያስቀድመው። መሣሪያው በሌለበት ግን ቪ አይ ኤ ይሠራል፣ ብዙ ሴት አትርፏል።

«ምንም አያመኝም» ላልሽው፦ ልክ እሱ ነው የመመርመሪያው ጊዜ። ይህን ካንሰር የሚያመጣው ኤች ፒ ቪ የሚባል ቫይረስ ነው። በግብረ ሥጋ ግንኙነት ይተላለፋል። ግንኙነት የጀመረ ሰው አብዛኛው በሆነ ጊዜ አግኝቶታል፣ ሳያውቀው። ከአብዛኛው ሰው በአንድ በሁለት ዓመት ውስጥ በራሱ ይጠፋል። ሳይጠፋ የሚቆይባት ሴት ላይ ነው ማህፀን በሩን ቀስ እያለ የሚለውጠው። ወደ ካንሰር እስኪደርስ ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 20 ዓመት ይፈጃል። በዚህ ሁሉ ዓመት አያምም፣ አይደማም፣ አይሸትም። ሴትየዋ ገበያ ትወጣለች፣ ቡና ታፈላለች፣ እቁቧን ትጥላለች። ደምቶና ሸትቶ የምትመጣዋን ሴት እኔ በአቼቶ አልረዳትም። ለእሷ የምጽፈው ሪፈር ነው። እሱን ስጽፍ እጄ ይከብደኛል።

«አለብሽ ቢሉኝስ?» ብለሻል። እኛ ፖዘቲቭ ስንል ነጭ ነገር አየን ማለታችን ነው። ካንሰር አለብሽ ማለት አይደለም። ቃሉን ኤች አይ ቪ አስፈሪ አድርጎብናል። «ፖዘቲቭ» ስል ሴቶቹ ከዚያ በኋላ የምናገረውን አይሰሙኝም። አሁን አሁን ቃሉን ትቼ «ትንሽ ነጣ ያለ ቦታ አይቻለሁ፣ እዚሁ እናክመዋለን» ነው የምለው።

መቼ? ምንም ስሜት ለሌላት ሴት በእኛ አገር የሚታሰበው ከ30 እስከ 49 ዓመት ነው። አንቺ መሀሉ ላይ ነሽ። የወር አበባሽ ከሄደ በኋላ ነይ። ከሁለት ቀን በፊት ጀምሮ ግንኙነት ባታደርጊ፣ በማህፀን የሚገባ መድኃኒት ባትጠቀሚ ጥሩ ነው። ውስጥሽን በሳሙና መታጠብ ደግሞ ለምርመራ ብለሽ ብቻ ሳይሆን ጭራሽ ተይው።

ባጃጅ_3 (ማክሰኞ፣ ጠዋት 3፡05)

ወንድ ነኝ፣ ይቅርታ ዘው ብዬ ገባሁ። እኛ ሰፈር ሌላ ነው የሚወራው። ምርመራ ብለው የወሊድ መከላከያ ሉፕ ያስገባሉ፣ ማህፀን ያደርቃሉ ይባላል። ሚስቴን ባልከለክላትም ልቤ አልረጋም።

እማ_ሶሊ (ማክሰኞ፣ ጠዋት 3፡12)

ወንድሜ፣ ሉፕ የፈለገች ሴት ወረፋ ጠብቃ ነው የምታስገባው። ማን ሰርቆ ያስገባላታል?

ሲስተር_ዘ (ማክሰኞ፣ ቀን 9፡30)

ባጃጅ_3 መጠየቅህ ደግ ነው፣ ብዙ ባል ሳይጠይቅ ነው የሚከለክለው። በምርመራው ጊዜ የሚገባው ዕቃ እዚያው ይወጣል። ውስጥ የሚቀር ነገር የለም። መውለድም አይከለክልም። እርጉዝ ከሆነች ግን አስቀድማ ትንገረን። አብረሃት ና፣ በር ላይ ጠብቃት።

ዓሳ_ጥብስ (ማክሰኞ፣ ቀን 10፡00)

እኔ ደግሞ የመንግሥቱን ወረፋ ሸሽቼ አንድ የግል ክሊኒክ ፓፕ ስሚር አሠራሁ። ስማቸውን አልጠራም። በሁለት ሳምንት ይደርሳል አሉኝ፣ ሁለት ወር ሞላው። እየደወልኩ እየደወልኩ በመጨረሻ «ናሙናው በቂ አይደለም፣ ድገሚው» አሉኝ። ድጋሚ ክፍያ! ገንዘቡ ቢያናድደኝም ይበልጥ ያናደደኝ ያን ሁለት ወር «ምን ይሆን?» እያልኩ ማደሬ ነው። ቪ አይ ኤ እና ፓፕ ግን አንድ ናቸው ወይስ ይለያያሉ?

ማይክሮስኮፕ (ማክሰኞ፣ ማታ 1፡30)

ይለያያሉ። ላቦራቶሪ ነው የምሠራው፣ ስለዚህ ይህችን ለእኔ ተዉልኝ።

ፓፕ ስሚር ላይ ከማህፀን በር ሕዋስ ተጠርጎ መስታወት ላይ ይደረጋል፣ ይቀለማል፣ ከዚያ ባለሙያ በማይክሮስኮፕ ያየዋል። የሚያየው ሰው ፓቶሎጂስት ወይም ለዚሁ የሠለጠነ ሰው ነው፣ እነሱ ደግሞ እንደ ልብ አይገኙም። የውጤትሽ መዘግየት አንዱ ምክንያት ይሄ ነው። «በቂ አይደለም» የሚለው ውጤት ያጋጥማል፣ ውሸት አይደለም። በጊዜው አለመንገራቸው ግን ጥፋት ነው፣ ብትናደጂ አይፈረድብሽም።

ስሙ የመጣው ከፓፓኒኮላው ነው፣ ግሪክ ተወልዶ አሜሪካ የሠራ ሐኪም። ሚስቱ ለዓመታት ናሙና ስትሰጠው ኖራለች። ሰውዬው ስሙ በዓለም ናኘ፣ የእሷን ስም የሚያውቀው ስንት ነው? አንድሮማኪ ትባላለች። በነገራችን ላይ ነው።

ሦስተኛው የኤች ፒ ቪ ምርመራ ነው። የሚፈልገው የቫይረሱን ዘረመል ነው። ለቲቢ የምናውቀው ጂን ኤክስፐርት ማሽን ይህንንም መሥራት ይችላል። የእሱ ደስ የሚለው ነገር ናሙናውን ሴቲቱ ራሷ መውሰድ ትችላለች። መጋረጃ ጀርባ ገብታ በትንሽ ብሩሽ። ከሰው ፊት እግሬን አልከፍትም ለምትል ሴት ትልቅ ነገር ነው። ግን በሁሉም ቦታ የለም፣ ደውላችሁ ጠይቁ።

የፓርክ_ልጅ (ማክሰኞ፣ ማታ 3፡45)

23 ዓመቴ ነው፣ ኢንዱስትሪ ፓርክ ነው የምሠራው። አንድ ክፍል ለአራት ተከራይተን ነው የምንኖረው። ይህን ክር ጮክ ብዬ እያነበብኩላቸው ነው፣ አቼቶው ጋ ስንደርስ ሳቅ በሳቅ ሆንን። እኛም እንመርመር? ታናሽ እህቴ ትምህርት ቤት የኤች ፒ ቪ ክትባት ተከትባለች፣ እኛን አልፎናል።

ሲስተር_ዘ (ረቡዕ፣ ጠዋት 2፡10)

እናንተን በጥቂት ዓመት ነው ያመለጣችሁ። ክትባቱ አገራችን የተጀመረው በ2011 ዓ.ም. ሲሆን የታሰበውም ለ14 ዓመት ሴት ልጆች ነበር።

በእናንተ ዕድሜ ምንም ምልክት ከሌለ ምርመራው አይመከርም። ስለማናስብላችሁ አይደለም። በሃያዎቹ ዕድሜ ቫይረሱ ይመጣል፣ ራሱ ይሄዳል። ያኔ ብንመረምር ሊጠፋ የነበረውን ነገር አግኝተን ያለ ፋይዳ እናክማለን። 30 ሲሞላችሁ ኑ። ነገር ግን ከግንኙነት በኋላ ደም ካያችሁ፣ ከወር አበባ ውጭ ከደማችሁ ወይም የሚሸት ፈሳሽ ካለ ዕድሜ አትቁጠሩ። ያ ቅድመ ምርመራ አይባልም፣ ሕመም ነው፣ በጊዜው መታየት አለበት።

እህትሽም ብትከተብ 30 ሲሞላት ትመረመር። የዚህ ካንሰር 70 በመቶ የሚሆነው ከቫይረሱ ዓይነቶች ከ16 እና ከ18 ነው የሚመጣው። ክትባቱ እነዚያን ይይዛል፣ ሁሉንም ዓይነት ግን አይሸፍንም።

ስም_አልጠቅስም (ረቡዕ፣ ሌሊት 5፡20)

ሁሉም 30 ዓመት 30 ዓመት ሲል ሳይ ነው የገባሁት። ለእኛ ለየት ይላል። ኤች አይ ቪ በደሜ አለ፣ መድኃኒት ከጀመርኩ 11 ዓመቴ ነው፣ ደህና ነኝ። መጀመሪያ የተመረመርኩት በ27 ዓመቴ ነው። መድኃኒት የምወስድበት ክፍል ያለችው ነርስ እጄን ይዛ ወሰደችኝ። በኤች አይ ቪ የምትኖር ሴት ላይ ይህ ካንሰር የመምጣት ዕድሉ 6 እጥፍ ነው አለችኝ። ያን ጊዜ አልቅሼ ነበር፣ «ሌላ ደግሞ?» ብዬ። አሁን ቀጠሮዬን እንደ መድኃኒቴ ነው የማየው። መድኃኒት የምትወስዱ እህቶች እስኪጠይቋችሁ አትጠብቁ፣ እናንተ ጠይቁ።

ሲስተር_ዘ (ሐሙስ፣ ጠዋት 1፡30)

እህቴ ተባረኪ። ልክ ነሽ። ለእናንተ የዓለም ጤና ድርጅት ከ25 ዓመት ጀምሮ ይላል፣ የድግግሞሹም ጊዜ አጠር ይላል። በኤች ፒ ቪ ምርመራ ከሆነ በየ3 እስከ 5 ዓመቱ። ለሌላው ሰው ከ5 እስከ 10 ዓመት ነው። በቪ አይ ኤ ከሆነ ለማንም በየ3 ዓመቱ። ካርዳችሁ ላይ የተጻፈውን ቀን ግን ተከተሉ፣ እኔ በስልክ የማላየው ምክንያት ሊኖር ይችላል።

ታቦር_ሥር (ሐሙስ፣ ቀን 6፡15)

እናቴ 56 ዓመታቸው ነው። ስነግራቸው «አሁን እኔ ምን ማህፀን አለኝና» ብለው ሳቁብኝ። የወር አበባ ካቆሙ ስድስት ዓመት ሆኗቸዋል። ግን በቀደም ልብሳቸውን ሳጥብ ደም መሰል ነገር አየሁ። ስጠይቃቸው «ኪንታሮት ነው» አሉኝ። ቪ አይ ኤ ልወስዳቸው?

ሲስተር_ዘ (ሐሙስ፣ ቀን 6፡22)

እማማን ቪ አይ ኤ አትውሰጂያቸው። ሆስፒታል፣ የማህፀን ሐኪም ጋ ውሰጃቸው። ነገ።

የወር አበባ ካቆመ በኋላ የመጣ ደም ምክንያቱ ቀላልም ሊሆን ይችላል። ያንን የሚለየው ግን ሐኪም ነው። በዚያ ላይ በእሳቸው ዕድሜ በአቼቶ የምናየው ቦታ ወደ ውስጥ ይሸሻል፣ ቀብተን «የለም» ብንል ውሸት ሊሆን ይችላል። «ለምርመራ ነው» ካልሻቸው እሺ አይሉም። «ለኪንታሮቱ ነው» ብለሽም ቢሆን ውሰጃቸው።

ታቦር_ሥር (ሐሙስ፣ ቀን 6፡24)

እሺ ሲስተር። ነገ እንሄዳለን።

ባጃጅ_3 (ሐሙስ፣ ማታ 2፡00)

የመጀመሪያዋ እህት ባሌን ምን እለዋለሁ ብላ የጠየቀችውን ማንም አልመለሰላትም። እኔ ባል ስለሆንኩ ልጠይቅ። ሚስቴ ይህ ኤች ፒ ቪ ተገኘባት እንበል። ከማን አመጣችው? ወይም እኔ ነኝ ያመጣሁት? በዚህ ነገር ስንት ቤት ይፈርሳል።

ሲስተር_ዘ (ሐሙስ፣ ማታ 2፡35)

ጎሽ፣ ዋናው ጥያቄ ይሄ ነው። ፈርተው የሚቀሩት ሴቶች ብዙዎቹ ሕመሙን አይደለም የሚፈሩት፣ ይቺን ጥያቄ ነው።

መልሱ፦ ከማን እና መቼ እንደመጣ የሚናገር ምርመራ የለም። ቫይረሱ ሳይታወቅ ለዓመታት ተኝቶ ሊቆይ ይችላል። ከጋብቻ በፊት የነበረ ሊሆን ይችላል። ያንተም ሊሆን ይችላል፣ ወንድ ላይ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ምልክት አያሳይም። ለወንድ በመደበኛነት የሚሠራ ምርመራም የለም። ኮንዶም ይቀንሳል እንጂ ጨርሶ አያግደውም፣ ከቆዳ ወደ ቆዳ ስለሚተላለፍ። ስለዚህ በዚህ ውጤት ሽማግሌ የሚሰበስብ ሰው ያለ ማስረጃ ነው የሚከሰው።

ሐይቅ_ዳር (ቅዳሜ፣ ማታ 1፡10)

ተመለስኩ! ሁሉንም አንብቤያለሁ። ባጃጅ_3 ወንድሜ፣ ያልከውን ለባለቤቴ አነበብኩለት። ዝም ብሎ ሰማኝና «እና መቼ ነው የምትሄጂው?» አለኝ። እኔ ሳምንት ሙሉ የፈራሁት ንግግር ሁለት ደቂቃ አልፈጀም።

ትናንት ሄድኩ። ቀሚስ ለብሼ! ጠዋት ግን የወር አበባዬ መጥቶ ነበር፣ ትንሽ ስለሆነ ችግር የለውም ብዬ ሄድኩ። «ደሙ ካለ አናይም፣ ሲያበቃ ነይ» ብለው መለሱኝ። ወኔዬን ሰብስቤ ሄጄ! ለሚቀጥለው አርብ ቀጠሮ ያዝኩ።

እማ_ሶሊ (ቅዳሜ፣ ማታ 1፡25)

ወኔሽን ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጪው፣ እስከ አርብ አይበላሽም።

ታቦር_ሥር (ሰኞ፣ ቀን 7፡40)

እናቴን ወሰድኳቸው። ሐኪሙ አይቶ ከማህፀን በር ቁራጭ ወስዶ ላከ። ውጤቱን እየጠበቅን ነው። እሳቸው አሁንም ኪንታሮት ነው ይላሉ። በጸሎታችሁ አስቡን።

ሐይቅ_ዳር (አርብ፣ ማታ 2፡50)

እሺ፣ ቁጭ በሉ፣ ይረዝማል።

ተመረመርኩ። አልጋው ላይ የተኛሁት አምስት ደቂቃ ቢሆን ነው። ዕቃው ቀዝቀዝ ይላል። አቼቶው ቆጥቆጥ አደረገኝ። ልጅቷ ሰዓቷን እያየች አንድ ደቂቃ ጠበቀች። ያቺ ደቂቃ ግን ምን ያህል ትረዝማለች! ጣሪያው ላይ ያለውን ስንጥቅ ሁለቴ ቆጠርኩት።

ከዛ «እናቴ፣ አንድ ነጣ ያለ ቦታ አለ» አለችኝ።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ይህን ክር አንብቤም ጆሮዬ ጭው አለ። ግን ሲስተር ያልሽው ትዝ አለኝ። «ካንሰር ነው ወይ?» አልኳት። «አይደለም፣ ካንሰር እንዳይሆን የምናጠፋው ነው» አለች። ለካ ለዚህም መጠየቅ ነበረብኝ። ባልጠይቅ ኖሮ ሌሊቱን ልጆቼን ለማን እንደምሰጥ ሳስብ ነበር የማድረው።

ሕክምናው እዚያው ይሰጣል ተብሎ ነበር፣ ነጩን ቦታ አቀዝቅዞ በማጥፋት። ግን የማሽኑ ጋዝ አልቋል አሉኝ። መቼ እንደሚሞላ አይታወቅም። ይህኛው አበሳጨኝ። ሴትን ለምነው አስገብተው፣ ነጭ አለ ብለው፣ ጋዝ የለም! ሪፈር ጽፈው ወደ ሆስፒታል ላኩኝ። ባለቤቴ ሱቁን ዘግቶ መጣ፣ በዚያው ቀን ሄድን። እዚያ በሙቀት ነው የሠሩልኝ። ጫፏ ትንሽ የሆነች ዕቃ ናት፣ አንድ ደቂቃ እንኳን አልፈጀም። ከሆድ በታች የወር አበባ ሕመም የመሰለ ቁርጠት መጣ፣ ሄደ። በእግሬ ወጥቼ ሐይቁ ዳር ቁጭ ብለን ሻይ ጠጣን። ባለቤቴ ዓሳ ካልበላሽ አለኝ፣ እኔ ግን አቼቶ ያለበት ነገር ዛሬ አልፈልግም አልኩት።

አሁን ቤት ነኝ። ሲስተር፣ ውሃ የመሰለ ፈሳሽ ይኖራል ብለውኛል። እስከ መቼ?

ሲስተር_ዘ (አርብ፣ ማታ 3፡15)

እንኳን ደስ ያለሽ! ፈሳሹ እስከ አንድ ወር ሊቆይ ይችላል፣ አትደንግጪ፣ ሞዴስ ያዢ። ለ4 ሳምንት ግንኙነት የለም። ቁስሉ እስኪድን ነው፣ ባልሽ ይስማ። ትኩሳት ከመጣ፣ ፈሳሹ ከሸተተ ወይም ከወር አበባ የበዛ ደም ካየሽ ቀጠሮ ሳትጠብቂ ሂጂ። ከባድ ጄሪካን ለጥቂት ቀን ሌላ ሰው ያንሳልሽ። ከዓመት በኋላ ደግሞ ታይተሽ መጥፋቱ ይረጋገጣል። ያችን ቀጠሮ እንዳትረሺያት፣ ብዙ ሴት እዚያች ላይ ነው የምትጠፋብን።

ስለ ጋዙ ያልሽው እውነት ነው፣ እኛንም ያናድደናል። ማቀዝቀዣው ለስላሳ መጠጥ ውስጥ ባለው ጋዝ ነው የሚሠራው፣ ሲሊንደሩ ካልተሞላ ቆመ ማለት ነው። የሙቀቱ መሣሪያ ጋዝ አይፈልግም፣ መብራት ወይም ባትሪ ይበቃዋል።

ማይክሮስኮፕ (አርብ፣ ማታ 3፡30)

ሻይ የጠጣሽበትን ቦታ ንገሪኝ፣ ያቺን ሰዓት ሐይቁን ማየት አማረኝ።

ታቦር_ሥር (እሑድ፣ ቀን 8፡05)

የእናቴ ውጤት መጣ። ካንሰር አይደለም። ማህፀን በር ላይ የበቀለች ትንሽ ሥጋ ናት፣ ፖሊፕ ይባላል አሉን፣ በቀላሉ ወጣችላቸው። እናቴ «ኪንታሮት ነው አላልኳችሁም?» እያሉ ቡና አፍልተው ጎረቤት ጠርተዋል። አልተከራከርኳቸውም።

ሐይቅ_ዳር (እሑድ፣ ማታ 1፡00)

እልልልል! እማማን ሳሚልኝ።

እኔም ዜና አለኝ። ያቺ «እንደ ሰላጣ» ብላ የሳቀችብኝ የሱቅ ጎረቤቴ 41 ዓመቷ ነው፣ ለካ እሷም ተመርምራ አታውቅም! ወሬውን ከሰው ነው የሰማችው። ሐሙስ ይዣት ልሄድ ነው፣ ሌላ ሁለት ሴቶችም እንመጣለን ብለዋል። ስንት ሰዓት ብንመጣ ይሻላል?

ሲስተር_ዘ (እሑድ፣ ማታ 1፡20)

ጠዋት 2፡30 ድረሱ። ከ4 ሰዓት በኋላ የክትባቱ ወረፋ ይበዛል።

እማ_ሶሊ (እሑድ፣ ማታ 1፡22)

ቀሚስ!